የአዋ ጦና ሳሎን

አያቴ ጦና የቀረበላቸውን ዳታ በእጃቸው ጀርባ ገፋ ያደረጉ ዕለት፣ አክስቴ አባይነሽ የመኝታ ቤታቸውን ግድግዳ ለማስፈረስ ወሰነች።

ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደሚያያዙ ለወላይታ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው ግን ላስረዳ። ዳታ ማለት ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው አንድ ላይ በድንጋይ ተፈጭቶ ከሥጋ ጋር የሚቀርብ፣ ገና ሳይቀመስ ዓይን የሚያስነባ ማባያ ነው። እኛ ዘንድ ጥሬ ሥጋ ያለ ዳታ አይበላም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሥጋውን የሚገዛው ለዳታው ሲል ነው። አያቴ ደግሞ ላባቸው ከግንባራቸው እየተንቆረቆረ "ይቺ ምን አላት፣ ለሕፃን የተፈጨች ናት" የሚሉ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ፣ ልጁ በነጠላዋ ስር ደብቃ ያስገባችውን ዳታ "ውሰጂልኝ" ካለ ሐኪም ምን ሊጨምር ነው? አክስቴ ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና አባቴን "ቤቱን እናዘጋጅ" አለችው።

ካደግሁ በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ አያቴ ዳታውን የገፉት ትኩሳቱ አፋቸውን አቁስሎት ውሃ እንኳ ስለሚያቃጥላቸው ነው። ይህን ለማወቅ "ምነው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ግን አክስቴ በመወሰን እንጂ በመጠየቅ አትታወቅም።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጠች፣ ከሱቋ ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ትኖር ነበር። ያም ሆኖ እኔ፣ አባቴ ደገፉና እናቴ ክብረት ከአያቴ ጋር የምንኖርበትን ቤት "ቤታችን" እያለች ከሁላችንም በላይ ታዝበት ነበር። ቤቱ አያቴ በጉልምስናቸው ከጉኑኖ ወደ ከተማ ሲገቡ የሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ኮርኒሱ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። በአያቴ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ "ዩሪያ" የሚለውን ያነበብኩት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ስለሆነ፣ መንግሥት ለገበሬው ያሰበው ማዳበሪያ ለእኔ ፊደል ሆኖልኛል።

ጊዜው ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን በሆነ ማግስት ነው። ሶዶ ውስጥ በየሜዳው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ትናንት ጠመኔ በእጁ የነበረ አስተማሪ ዛሬ ቁልፍ ያለው ጠረጴዛ ያገኛል። አባቴም ቡድን መሪ ተብሎ ነበር። ምን እንደሚመራ ስላልገባኝ ለጓደኞቼ ኳስ ነው ብያቸዋለሁ። የአክስቴ ሐሳብ ሲቀርብለት ቢሮ እንደለመደው "እንወያይበት" አለ። ተወያዩ። ውይይቱ ሳያልቅ አናጢው ኤርሳዶ መጥረቢያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

"ያን ቀን ዞኑ በሙሉ ይመጣል" አለች አክስቴ። "አለቆችህ በመኪና ይመጣሉ። ከአዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ ሰው ይመጣል። እዚህ ጥላሸት ስር ልታስቀምጣቸው ነው? የፈጠነችን ቤት ረሳኸው?"

የፈጠነችን ቤት የረሳ ሰው ሶዶ ውስጥ የለም። ፈጠነች ጎረቤታችን ናት። እናቷ በክረምት አርፈው፣ ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ዝናብ ከዳሞታ ተራራ ወረደና ጣሪያው አፈሰሰ። ጥላሸት የጠጣ ውሃ በአንድ ትልቅ ሰው ነጭ ጋቢ ላይ ጠብ አለ። የፈጠነች እናት ስንት ድሃ እንዳበሉ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ጥቁሯን ጠብታ ግን ሁሉም ያስታውሳታል።

እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እሳቸው እኮ ገና እየተነፈሱ ነው፤ ደግም አይደል" አለች።

"ታዲያ ጭቃው መቼ ይቦካ?" አለች አክስቴ። "ያ ነገር ጭቃ ይድረቅልህ ብሎ አይጠብቅም።"

ያ ነገር ዝናቡ መሰለኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉም ሰው "ያን ቀን" ይላል፣ ቀኑን ግን የሚጠራው የለም። ስለዚህ የአክስቴን ቀሚስ ይዤ ጠየቅኋት።

"ቤቱን የምናሳምረው ለማን ነው?"

አክስቴ ቀሚሷን ከእጄ አስለቀቀች። "ለአዋ ነው" አለች። "ለአዋ ክብር ነው።"

አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው፤ አያቴን ልጁም የልጅ ልጁም ጎረቤቱም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። መልሱ ግልጽ ነበር። አዋ ድነው ሊመጡ ነው፤ ሲመጡም ቤታቸው አምሮ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ የሚያስብ ቤተሰብ ውስጥ በመወለዴ ደስ አለኝ።

ቀለም ልንገዛ ከድር ሱቅ ሄድን። ከድር ወላጆቹ ከስልጤ የመጡ፣ ሚስማርም ቀለምም ሲሚንቶም የሚሸጥ፣ የከተማውን ደስታና ሐዘን ከሚሸጠው ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነበር።

"እትዬ አባይነሽ፣ ሰርግ ነው እንዴ?" አለ።

"ሰርግስ አይደለም።"

ከድር ገባውና አንገቱን ሰበር አደረገ። "አባታችን እንዴት ናቸው? አላህ ይማራቸው። ምን ዓይነት ቀለም ይሁን ታዲያ?"

"ብዙ ደስ ደስ የማይል።"

"ጠቆር ያለ?"

"ኧረ! ከወዲሁ ጠቆር ያለ ብቀባ ሰው ምን ይላል?"

"እንግዲያው ክሬም ይውሰዱ" አለ ከድር። "ክሬም የማይሆነው ነገር የለም። ቢሮ ይሆናል፣ ክሊኒክ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሰርግም ቢመጣ ያገለግላል።"

"አዋ የሚወዱት ሰማያዊ ነው" አልኩ። "ሲመጡ የሚያዩት ሰማያዊ ይሁን።"

ከድር አየኝ፤ አክስቴንም አየ። ከጠርሙሱ አውጥቶ እፍኝ ሙሉ ከረሜላ ሰጠኝ። በልጅነቴ ከድር የሚወደኝ ሰው ነው እያልኩ አደግሁ። የዚያን ዕለት አስተያየቱ ምን እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ ለአንድ የማያውቅ ልጅ ከረሜላ ያቀበልኩ ቀን ነው።

ግድግዳው ሲፈርስ ያየሁትን ያህል የሚያምር ነገር እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር። ኤርሳዶ መዝሙር እያንጎራጎረ መጥረቢያውን ሲያሳርፍ፣ ሳሎኑንና የአያቴን መኝታ ቤት የለየው ጭቃ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። ከውስጡ ጭድ፣ የደረቀ ማገር፣ የጠፋ የእናቴ ማንኪያ ወጣ። የሻገተ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። ኤርሳዶ አማርኛው እንደ ብዙዎቻችን ገበያ የተማረው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም እንደመጣለት ነበር የሚናገረው።

"ይቺ ግድግዳ ጠንካራ ነው!" አለ ላቡን እየጠረገ። "አዋ ጦና ሲሠራት ልጅ ነበርኩ እኮ፤ ጭቃ ያቦካሁት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አፈርሳለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አይጠፋም።"

የአያቴ አልጋ ከሳሎን ወጥቶ ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት፣ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ ቆመ። አባቴ አልጋውን ካወጣ በኋላ በፈረሰው ግድግዳ ፊት ብዙ ቆየ። ዓይኑን ደጋግሞ ሲያሽ አቧራ የገባበት መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከጸሎት ቤት በቀጥታ ኦቶና ሄድን። አያቴ ከስተዋል፤ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ትልልቆቹ እንደ ልማዳቸው የበሽተኛውን ነገር ከበሽተኛው ርቀው ለማውራት ወደ ኮሪደር ወጡ፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከአያቴ ጋር የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው የተወሰነ ስድብ መንገድ ላይ ቀርቷል።

"አዋ፣ ቤትዎን እያሳመሩልዎት ነው!"

"ማን ነው የሚያሳምረው?"

"አክስቴ። ግድግዳው ፈረሰ። የእርስዎ ክፍልና ሳሎኑ አንድ ሆኑ፤ ኳስ ያጫውታል።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "አልጋዬስ?"

"ሰርቪስ ቤት ነው፣ ከከሰሉ ጋር።"

"ከከሰሉ ጋር" አሉ። "እሺ። ሌላስ?"

"ከጸሎት ቤት አግዳሚ ወንበር እናመጣለን፣ ብዙ! ሰው ሲመጣ እንዲቀመጥ።"

"የምን ሰው?"

እኒህ ሰውዬ ምን ነካቸው አልኩ በልቤ። "እርስዎን ብሎ የሚመጣ ነዋ! ያን ቀን። አለቆቹ በመኪና ይመጣሉ። ዞኑ በሙሉ ይመጣል።"

አያቴ ጣሪያውን አዩ። አፋቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና ሳቅ ሆነ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ከሳሉ በኋላ ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። በደስታ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው?"

"ክሬም።"

"እኔን በክሬም?" አሉ። ከዚያ ቀና ለማለት ሞከሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። "ስሚ ሶፊ። አፌ ትንሽ ይሻለኛል። ለአክስትሽ፣ ዳታ ላኪልኝ ብሏል በያት። ደህና አድርጋ ትፍጨው፤ ለሕፃን እንዳታደርገው።"

መልእክቱን ቤት ስደርስ አደረስኩ። ኤርሳዶ መሰላል ላይ ሆኖ የጥንቱን ጆንያ ቀድዶ አዲሱን የችፑድ ኮርኒስ በራሱ ደግፎ ይዟል፤ አባቴ ሚስማር ያቀብላል።

"አዋ ዳታ ላኩልኝ ብለዋል!"

የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ሳቋን ከጓሮ ሰማሁት። ኤርሳዶ ከኮርኒሱ ስር "እንግዲህ ልምታ ወይስ ላውርድ?" አለ።

"ምታ" አለች አክስቴ። ፊቷ ግን አመድ መስሏል። "እንዲህ ነው እኮ የሚያደርገው። ሊሄድ ያለ ሰው በመጨረሻው የሚወደውን ይጠይቃል። የባሌም አባት ዓሣ አምጡ ብለው ነው የሄዱት።"

አያቴ ዳታውን ሲገፉም ሞት፣ ሲጠይቁም ሞት ሆነባቸው። ሥራው ፈጠነ። ዳታውም ተፈጨ፤ የፈጨችው ራሷ አክስቴ ናት፣ እንባዋን ያመጣው ቃሪያው ይሁን ሌላ ነገር ማን ይለያል። አያቴ ዳታውን በቆጮ በሉት። በሚቀጥለው ቀን ከሥጋ ጋር አምጡ አሉ። ኤርሳዶ የመጨረሻውን ክሬም ቀብቶ ብሩሹን ባጠበ ዕለት ሐኪሞቹ "ይዛችኋቸው መሄድ ትችላላችሁ" አሉ።

አባቴ ዜናውን ይዞ ሲገባ አክስቴ እልል አለች። እውነተኛ እልልታ ነበር፤ ማንም ሊጠረጥረው አይገባም። ግን መሀል ላይ ቆም ብላ ኮርኒሱን፣ አግዳሚዎቹን፣ ግድግዳ የነበረበትን ቦታ አየች።

"ኤርሳዶ!" አለች። "ግድግዳውን መልስልኝ።"

"ግድግዳዋን? ማገሩን እኮ ሚስቴ ጎመን ቀቀለበት።"

ስለዚህ ከሱቋ አበባ ያለበት ጨርቅ አምጥታ በገመድ ሰቀለች፤ አልጋው ከሰርቪስ ቤት ተመልሶ ከጨርቁ ኋላ ገባ። አያቴ በአባቴ ትከሻ ተደግፈው ደረሱ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ምስጋና ሊያቀርቡ መጥተው አግዳሚዎቹ ላይ ተደርድረዋል። አንደኛው የጀመረው መዝሙር ከልማድ ብዛት የቀብር መዝሙር ሆኖ ሌሎቹ በክርናቸው አስቆሙት። አያቴ ቀስ ብለው ዙሪያውን አዩ። ዱላቸውን ዘርግተው ጨርቁን ገለጡ፤ መልሰው ለቀቁት።

"አልጋዬን ወደዚህ አምጡ" አሉ የሳሎኑን መሀል በዱላቸው እየመቱ።

"አዋ፣ እዚያ ጋ ጥሩ አድርገን…" አለ አባቴ።

"እዚህ። ይቺን ቦታ ለእኔ አይደል የለካችኋት?"

አልጋው መሀል ሳሎን ገባ። ከዚያ ኮርኒሱ በደንብ ስለሚታይ መርጠውት ነው ብዬ አሰብኩ። ሣጥን የሚቀመጠው የት እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር፤ እዚያ የነበሩት ሽማግሌዎች ግን ያውቃሉ፣ ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ለወራት ሳሎናችን የአያቴ መኝታ ቤት ሆኖ ከረመ። የአባቴ አለቆች በመኪና መጡ፤ አልጋውን ከብበው አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀመጡ። አያቴም ትራስ ተደግፈው ስለ ጉኑኖ መንገድ ይገመግሟቸው ነበር። አባቴ በዞኑ ታሪክ አለቆቹ በአባቱ የተገመገሙበት የመጀመሪያው ቡድን መሪ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ከሰዓት አክስቴ የአያቴን እግር ታጥብ ነበር። እኔ አልጋው ላይ ተኝቼ የማዳበሪያ ፊደሎቼን እፈልጋለሁ፤ አንድም አልቀረም። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ከላይ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

"አዋ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች አክስቴ ቀና ሳትል። "ሰው ምን ይላል ብዬ ነው። ጦና ልጆች እያሉት ጥላሸት ስር ሞተ እንዳይሉ።"

አያቴ ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። "ያ ጥላሸት የእናትሽ እሳት ነበር" አሉ። "ኩሽና ሳይኖረን እዚሁ እያነደደች ነው እናንተን ያበላችው። ግድግዳውንም አብረን ነው የመረግነው። ማታ ማታ ግድግዳውን ነክቼ ነበር የምተኛው። ሰው የሚለውን ጠየቅሽ፤ እኔን ግን አልጠየቅሽኝም አባይነሽ።"

አክስቴ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ሲንጠባጠብ አየሁት። ሄጄ ልይዛት ፈለግሁ፤ ግን ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

"ጣቶቼ መሀል ረሳሽ" አሉ አያቴ። "ደህና አድርገሽ እሺው።"

እግራቸው ባለመጽዳቱ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ግን ፈገግ ብላ እንደገና አሸችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸውን ሌላ ሰው እንዲያጥብ አልፈቀዱም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ መስቀል ሲቃረብና ገበያው ሲደራ፣ አክስቴ አባይነሽ ለአንዲት ገዢ ጨርቅ እየለካች ወደቀች። ደም ብዛት ነው አሉ። ከሱቋ ኦቶና እስኪያደርሷት አልቆየችም። ስለ ሁሉም ሰው ሞት አስቀድማ ስታስብ ስለ ራሷ ግን ምንም አላሰናዳችም። ከሱቋ ጀርባ ያለችው የኪራይ ክፍል ለቅሶ ቀርቶ አራት ሰው አትይዝም።

"እዚህ ይሁን" አሉ አያቴ። ከአልጋቸው ተነሥተው በዱላቸው ቆሙ። "አልጋዬን አውጡት። ቦታውን ልቀቁላት።"

አባቴ አልጋውን ወደ ሰርቪስ ቤት ወሰደው። አግዳሚዎቹ ከጸሎት ቤት መጡ። ሣጥኑ መሀል ሳሎን ተቀመጠ። ሰው ከአዋሳ መጣ፣ ከአርባ ምንጭ መጣ፣ ከዱቦ በእግሩ መጣ፤ ዞኑ በሙሉ መጣ። ከድር ሱቁን ዘግቶ መጥቶ በር አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም ቦታ አገኘ፤ በማንም ጋቢ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። አክስቴ ብታየው ኖሮ እንዴት በኮራች ነበር።

ከቀብር መልስ፣ ከአባቴ አለቆች አንዱ ሐዘኑን ለማስረሳት ይሁን ወሬ አጥቶ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ።

"ቤቱ ግን እንዴት ያማረ ነው" አለ። "ሰፊ ነው። መቼ ነው ያሳደሳችሁት?"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ትሪ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ከድር ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"እኔ ታምሜ ኦቶና ተኝቼ ሳለ ነው" አሉ አያቴ። ድምፃቸው ሳሎኑን ሞላው። "ሰው ሁሉ አለቀለት ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ይቺ ልጄ ብቻ ድኖ ይመጣል አለች። ስመጣ ባማረ ቤት እንድገባ ብላ ነው ያሳደሰችልኝ።"

ለቅሶተኛው ከንፈሩን መጠጠ። "እንዲህ ያለች ልጅ!" አለች አንዲት ሴት፤ ሌሎቹም ተቀብለዋት እንደ አዲስ ተለቀሰ።

እኔ ከአያቴ ኋላ ቆሜ ነበር። አዋ የተናገሩት እኔ ድሮም የማውቀውን ስለሆነ ምንም አልደነቀኝም። ብቻ "አላልኳችሁም?" በሚል ዓይን አባቴን አየሁት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።